በአራት አገር እሺ ያልኩባት እሑድ

የሸራ ጀልባ ተወዳዳሪ ነበርኩ ብል ማን ያምነኛል? ሚስቴ አስቴር እንኳ አብራኝ እየኖረች አላመነችም። አርባ ምንጭ ሁለት ሐይቅ አላት፤ በሁለቱም ላይ ሸራ ወጥሮ የሚሄድ ጀልባ አይቼ አላውቅም። እኔ ራሴ ጀልባ ላይ የወጣሁት አንድ ቀን ብቻ ነው። ከአዲስ አበባ የመጡ እንግዶች አዞ ካላየን ብለው ጫሞ ይዘውኝ ሄዱ። እነሱ አዞ ሲያዩ እኔ የጀልባውን ጠርዝ በሁለት እጄ ጨብጬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ሄድኩ፤ እንደጨፈንኩ ተመለስኩ። አየኸው ወይ ሲሉኝ፣ አቤት ሲያስፈራ አልኳቸው። ለውሃ የተፈጠርኩት ያን ያህል ነው። ታዲያ በዚሁ በጀልባ ሰበብ የገዛ ወንድሜን የሚያገባትን ልጅ ላሳጣው ጥቂት ነበር የቀረኝ፤ የማወራችሁም እሱን ነው።

የኔ ጀልባ ውሃ ነክቷት አያውቅም፤ የምትሄደው ኢንተርኔት ላይ ነው። የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። አንድ ቀን ለተማሪዎቼ የንፋስ አቅጣጫ የሚያሳይ ሥዕል ስፈልግ አንድ ጨዋታ ውስጥ ዘው ብዬ ገባሁ። ውቅያኖሱ እውነተኛው ካርታ ነው፤ ንፋሱም ያን ዕለት በእውን የሚነፍሰው ነው። አንዲት ጣት የምታህል ጀልባ ይሰጡህና ሸራዋን እያዞርክ ዓለም ላይ ካሉ ሰዎች ጋር ትሽቀዳደማለህ። ሴቻ ሰፈር፣ ቤቴ ሶፋ ላይ ቁጭ ብዬ፣ እግሬን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሬ፣ ማዕበል ስሰነጥቅ ብታዩኝ አታውቁኝም። ጀልባዬን «አዞ» አልኳት። ከመብራት መጥፋት በቀር የሚያቆመኝ ነገር አልነበረም፤ መብራቱም ቢሆን ደህና አድርጎ ያቆመኝ ነበር።

በዚያ ባሕር ላይ ሦስት ወዳጆች አፈራሁ። አንዱ ኒውዚላንድ የሚኖር ጡረታ የወጣ ፖስተኛ ነው፤ ዶሮ ያረባል፣ ቀስ ብሎ ይጽፋል፣ ሰውን ሁሉ ጤናው እንዴት እንደሆነ ይጠይቃል። ሁለተኛዋ ሆላንድ ያለች ዳቦ ጋጋሪ ናት፤ ሌሊት ተነሥታ ትጋግርና ገና ሳይመሽ እንደ ሕፃን ትተኛለች። ሦስተኛው ካናዳዊ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ቀን ሲነዳ ውሎ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ይለዋል። ፖስተኛው፣ ጋጋሪዋና ሾፌሩ ብያቸው ልቀጥል። አስቴር ግን ሦስቱንም ጠቅልላ «ዘመዶችህ» ነበር የምትላቸው። ዘመዶችህ ዛሬም አልተኙም ወይ ትለኛለች፤ ዘመዶችህ እራት በልተዋል ወይ ትለኛለች።

የዘመዶቼ ችግር አንድ ነበር፤ አራታችንም በአንድ ጊዜ ነቅተን የምንገኝበት ሰዓት መፈለጉ። አንዱ ቁርስ ሲበላ ሌላው እራቱን በልቶ ሊተኛ ነው። ቅዳሜ እንገናኝ ሲባል የማን ቅዳሜ ተብሎ ክርክር ይነሣል። ለሳምንታት ተጨቃጨቁ። እኔ ደግሞ ወንበሬ አልይዝ አለኝ። የሰዓት ክልል የሚባለውን ትምህርት ስንት ዓመት አስተምሬዋለሁ፤ ብርቱካን በባትሪ መብራት እያበራሁ፣ ብርቱካኑን እያዞርኩ፣ ልጆቹ እስኪያዛጉ ድረስ። ዕውቀቴ የሚፈለግበት ቀን መጣ ብዬ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ የውድድሩን ቀንና ሰዓት የማወጣው እኔ ነኝ አልኩ። ደስ አላቸው፤ የጨዋታውን ቁልፍም ሰጡኝ። ቁልፍ ማለት ውድድሩን የሚያስጀምረው ነገር ነው፤ ባለቁልፉ ካልተጫነው የማንም ጀልባ ንቅንቅ አትልም። እስከዚያ ቀን የተሰጠኝ ሥልጣን ቢኖር የትምህርት ቤቱን የካርታ ክፍል ቁልፍ መያዝ ብቻ ነበር።

የመጀመሪያውን ውድድር ሦስት ሰዓት ላይ ብዬ ለጠፍኩ። ከየሰዓታቸው ጋር አሰላሁላቸው፣ ደጋግሜም አረጋገጥኩ። ከዚያ በሰዓቱ ተገኝቼ ብጠብቅ ማንም የለም። ለካ ሒሳቡን ሁሉ የሠራሁት ቀንን ከጠዋት በሚጀምረው በኛው አቆጣጠር ኖሯል፤ እነሱ ደግሞ ከእኩለ ሌሊት ነው የሚቆጥሩት። ይህንን ልዩነት በየዓመቱ ፈተና ላይ በጥያቄ የማወጣው እኔ ራሴ ነኝ። ይቅርታ ጠይቄ አስተካከልኩ። ጥቂት ወራት ቆይቶ ደግሞ ጋጋሪዋ ሰዓታችንን በአንድ ሰዓት ገፋነው ብላ መጣች። በዓመት ሁለት ጊዜ እንደዚህ ያደርጋሉ አሉ። ለአስቴር ብነግራት ሰዓት ምን አድርጓቸው ነው የሚገፉት ብላ አዘነችለት።

ይህ ሁሉ ግን ቀላሉ ነው። እኔን የጣለኝ ሒሳቡ አይደለም፤ እሺ የምትለዋ ቃል ናት። እነዚያ ሰዎች «አልችልም» ይላሉ፤ ያለ ምንም ምክንያት። ቅዳሜ ጠዋት ይመችሃል ወይ ትለዋለህ፤ አልችልም ይልሃል፤ አለቀ። እኛ ጋ አልችልም ለማለት ቢያንስ አንድ ሰው መታመም አለበት። ለቅሶ ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው። እኔማ ጭራሽ ይህችን ቃል አፌ አያወጣትም። ባጃጅ ውስጥ ሦስተኛ ሆኜ ከተቀመጥኩ በኋላ ጠጋ በልልኝ ላለኝ አራተኛ ሰው እሺ ብዬ፣ ከሲቀላ እስከ ሴቻ ያለውን ዳገት ግማሽ ጎኔን ውጭ አንጠልጥዬ የወጣሁ ሰው ነኝ።

እናም ሾፌሩ ዓርብ ማታ ካልሆነ አልችልም ሲለኝ እሺ አልኩት። ጋጋሪዋ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ካልሆነ አልችልም ስትለኝ እሺ አልኳት። ፖስተኛው እሑድ ጠዋት ዶሮዎቼን መግቤ ካልሆነ አልችልም ሲለኝ እሺ፣ በደስታ አልኩት። ምድር ክብ በመሆኗ የሾፌሩ ዓርብ ማታ፣ የጋጋሪዋ ቅዳሜና የፖስተኛው እሑድ ሦስቱም እኔ ጋ ቅዳሜ ናቸው፤ አንዱ ጎህ ሲቀድ፣ አንዱ ከሰዓት በኋላ፣ አንዱ ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ። ስለዚህ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር አንዱን ውድድር ሦስት ጊዜ አካሄድ ነበር፤ በየተራ፣ ከእያንዳንዳቸው ጋር፣ ሁለት ሁለት ጀልባ ብቻ ሆነን። ሦስቱም አንደኛ ይወጣሉ። እኔ ሦስቱም ቦታ ሁለተኛ እወጣለሁ። ሁሉም ደስ ብሎት ያመሰግነኛል፤ እንዲህ ያለ አስተባባሪ አይተን አናውቅም ይሉኛል።

ሌሎቹ የት ሄዱ ብለው ሲጠይቁኝ ታዲያ ምን ልበል? እንደ አገሬ ወግ አደረግኩ፤ ሰው አሳመምኩ። ሾፌሩ ኩላሊቱን እያመመው ነው አልኩ። ጋጋሪዋ ልጇን እየዳረች ነው አልኩ። ፖስተኛው ጎረቤቱ ሞቶበት ለቅሶ ተቀምጧል አልኩ። አንድ ሰሞን እንደዚህ አለፈ። ምን ያደርጋል፣ ፖስተኛው ሰው ወዳድ ሆኖ ፈጀኝ፤ አንድ ቀን ሁላችን በምናየው የመልእክት ሰሌዳ ላይ ለሾፌሩ ኩላሊትህ እንዴት ሆነ ብሎ ጻፈለት። ሾፌሩ የምን ኩላሊት አለ። ጋጋሪዋም ጣልቃ ገብታ ለፖስተኛው እግዜር ያጽናህ ብላው፣ እሱም አንቺንም እንኳን ደስ አለሽ ሲላት፣ ጉዴ ፈላ። ልጅ የለኝም አለች። ሦስቱም ዞረው እኔን ጠየቁኝ።

መብራት ሄዶብኝ ነው አልኩ። መብራት መሄድ እንዴት አድርጎ የሰው ኩላሊት እንደሚያሳምም አልገባቸውም፤ ግን ጨዋዎች ናቸውና አላፋጠጡኝም። አንድ ነገር ግን ቁርጥ አድርገው ነገሩኝ። የዓመቱ የመጨረሻ ውድድር አራታችንም በአንድ ባሕር፣ በአንድ ሰዓት ተገኝተን መካሄድ አለበት። ካልሆነ እንበተናለን። ቁጭ ብዬ ካርታዬን ዘርግቼ፣ ብርቱካኔን አዙሬ አሰላሁ። በሳምንት ውስጥ ለሁሉም የሚሆን አንድ ሰዓት ብቻ ተገኘ፤ እሑድ ጠዋት በኛ ሦስት ሰዓት ተኩል። ፖስተኛው እራቱን በልቶ፣ ጋጋሪዋ የንጋቱን ዳቦ አውጥታ፣ ሾፌሩ እንቅልፍ እምቢ ብሎት ያን ጊዜ ነቅተው ይገኛሉ። ሦስቱም ይመቸናል አሉ። የዓለምን ችግር የፈታሁ ያህል ተኮፍሼ ለአስቴር ልነግራት ማድ ቤት ገባሁ።

አስቴር ሽንኩርት እየከተፈች ሰማችኝና ሳቀች። «አንተ የራስህን ቅዳሜ ሳታውቅ የሰው እሑድ ታከፋፍላለህ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ካምባ ከተማ ያለችው እህቷ ከወለደች ቆይታለች፤ አራስ ልንጠይቅ ቅዳሜ እንሄዳለን እያልኳት፣ ቅዳሜው በዘመዶቼ እየተያዘ፣ ልጁ ጥርስ አብቅሏል ተባለ። የመጨረሻው ውድድር ካለፈ በኋላ በሁለተኛው ቅዳሜ አይቀርም ብዬ ቃል ገባሁላት። ማልኩላትም። እሷም ሽንኩርቷን ከተፈች።

በዚያው ሳምንት ወንድሜ ታምራት መጣ። ታምራት ነርስ ነው፤ አብራው የምትሠራ ሰላማዊት የምትባል የዶርዜ ልጅ ወዶ ዓይኑ ሌላ አያይም። አባታችን ካረፈ ወዲህ የቤቱ ትልቅ እኔ ነኝና ሽማግሌ ሆኜ እንድሄድለት ጠየቀኝ። የልጅቷ አባት ጋሽ ዘለቀ፣ ጋቢና ብርድ ልብስ ከሸማኔዎች ተረክቦ አዲስ አበባ ድረስ የሚያስጭን ነጋዴ፣ በቀጠሮ ቀልድ የማያውቅ ሰው ነው። ከዚህ በፊት ለዚህችው ልጅ የመጡ ሽማግሌዎች አርፍደው ቢደርሱ በር ላይ እንደቆሙ መልሷቸዋል፤ ዳግም አልተጠሩም። የኛን ሽማግሌዎች የሚቀበለው እሑድ ጠዋት ከቅዳሴ መልስ ነው። «ጋሼ፣ ያለችኝ ይህች አንድ ዕድል ናት» አለኝ ታምራት፤ ድምፁ ተሰበረ። የቱ እሑድ እንደሆነ እንኳ ሳልጠይቅ እሺ አልኩት።

የቱ እሑድ እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ።

ለዘመዶቼ አልችልም ብሎ መጻፍ ነበር። ለታምራት ሌላ ሽማግሌ ፈልግ ማለት ነበር። ቢያንስ ቁልፉን ለፖስተኛው አሳልፎ መስጠት ይቻል ነበር፤ ሁለት ቦታ መጫን ብቻ ነው የሚፈልገው። ግን ባለቁልፍ መሆን ጥሞኝ ነበር፤ አልዋሻችሁም። ከዚያም ደግሞ አዲስ የገዛሁት ስልክ ጨዋታውን ይከፍታል። እኔም እንዲህ ስል አሰብኩ፤ ዶርዜ ላይ ሽማግሌዎቹ ሲነጋገሩ አንድ ደቂቃ ወጣ ብዬ ቁልፉን እጫናለሁ፣ ጀልባዬን ለንፋሱ እተዋታለሁ፣ ተመልሼ ቁጭ እላለሁ። ማን ያውቃል?

እሑድ በማለዳ በአንድ ሚኒባስ ተነሣን። ሦስት ሽማግሌዎች ነን። ትልቁ ጋሽ ተስፋዬ ናቸው፤ ጎረቤቴ፣ ከሰሜን በሥራ መጥተው እዚሁ ጡረታ የወጡ፣ ንግግር የሚያውቁ ሰው። ሁለተኛው አማቴ ጋሽ ማርቆስ ናቸው፤ ኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ ያለሙ፣ የአካባቢውን ቋንቋና ወግ ጠንቅቀው የሚያውቁ። ሦስተኛው እኔ፣ ጋቢዬ ውስጥ ስልክ የደበቅኩ። ታምራት ደንቡ አይፈቅድለትምና ታች ቀረ። ጋሽ ተስፋዬ መንገድ ላይ መመሪያ ሰጡን፤ ሽማግሌ እስኪጠየቅ አይናገርም፣ እሺታ እስኪያገኝ እህል ውሃ አይቀምስም፣ ከመቀመጫው አይንቀሳቀስም። በተለይ መጨረሻውን እኔን እያዩ የተናገሩት መሰለኝ። ሚኒባሱ ዳገቱን እየተጠማዘዘ ሲወጣ ብርዱም ጭጋጉም መጣ፤ የስልኬ ኔትዎርክም አንድ አንድ መስመር እየቀነሰ ሄደ።

ጋሽ ዘለቀ ረጅም ቀጭን ሰው ነው፤ ብዙ አይናገርም፣ ሲያይህ ግን የጋቢ ጥራት እንደሚመረምር ሰው ነው የሚያይህ። በሰዓቱ በመድረሳችን ራሱን ነቀነቀና አስገባን። ተቀመጥን። ጋሽ ተስፋዬ እንዲናገሩ ሲጋበዙ ተነሡና ከሥር ጀመሩ፤ በወጣትነታቸው እዚህ አገር ተመድበው ሲመጡ በበቅሎ የሄዱበት መንገድ ምን ይመስል እንደነበር ተረኩ። ሦስት ሰዓት ተኩል እየተቃረበ ነው፤ እሳቸው ግን ገና በቅሎ ላይ ናቸው። ስልኬን በጋቢዬ ውስጥ ሰረቅ አድርጌ ባየው ኔትዎርክ የሚባል ነገር የለም። ይቅርታ ጠይቄ ወደ ጓሮ ወጣ አልኩ።

ጓሮው እንሰት ነው። እዚህ ብቆም የለም፣ እዚያ ብቆም የለም። ተመልሼ ገባሁ። ትንሽ ቆይቼ ደግሜ ወጣሁ። ለሦስተኛ ጊዜ ስነሣ ጋሽ ተስፋዬ ንግግራቸውን አቋርጠው በዓይናቸው ቆነጠጡኝ፤ የቤቱ ሰው ግን በሐዘኔታ አየኝ። ሆዱን ነው ብለዋል። ከጓሮ ስመለስ የልጅቷ እናት በራፉ ላይ ፌጦ በሎሚ በጥብጠው በኩባያ ይዘው ጠበቁኝ። ሽማግሌ አይቀምስም ያሉትን አስታወስኩ። አልወስድም ልል አፌን ከፈትኩ። እናትየው፣ መድኃኒት እኮ ነው ልጄ፣ አሉኝ በርኅራኄ፤ ምን በወጣኝ፣ እሺ ብዬ ኩባያውን ገለበጥኩት። ፌጦው ጉሮሮዬን እያቃጠለ ሲወርድ ቀና ብል፣ ጋሽ ተስፋዬ በክፍቱ በር እያዩኝ ነው። ፊታቸው ላይ ያየሁትን አልገልጸውም። ጋሽ ማርቆስ ደግሞ ዓይናቸውን ከጣራው ላይ አላወረዱም።

አሁን በእውነት ሆዴን ያመኝ ጀመር። ለአራተኛ ጊዜ ወጣሁ። ከእንሰቱ መሀል፣ አንዲት ጉብታ ላይ፣ እጄን ወደ ላይ ስዘረጋ ኔትዎርኩ መጣ። መልእክቶቹ ተከታትለው ወረዱ። ፖስተኛው ደርሻለሁ ይላል። ጋጋሪዋ ዳቦዬን አውጥቼ ተቀምጫለሁ ትላለች። ሾፌሩ የት ነህ፣ ክፈት ይላል። እጄን ዝቅ ካደረግኩ ይጠፋል፤ ከፍ ካደረግኩ ደግሞ ጽሑፉን ማንበብ አልችልም። አንዴ እየዘለልኩ፣ አንዴ በእግር ጣቴ እየቆምኩ ቁልፉን ልጫን ስታገል፣ ከኋላዬ ሰው ሲያስል ሰማሁ። ጋሽ ዘለቀ ነው። አንድ እጄ ሰማይ ላይ፣ ጋቢዬ መሬት ላይ ነበር።

«የሚያምህ ሆድህ ነው ወይስ ክንድህ?» አለኝ።

ውሸት ፈለግኩ፤ እንኳን የሰው ኩላሊት የራሴ ሆድም አልታዘዝ አለኝ። ሁሉንም ዘከዘክኩት። ስለ ጀልባዋ ነገርኩት፣ ስለ ፖስተኛው ዶሮዎች፣ ስለ ሦስቱ ቅዳሜዎች፣ ሰው ስላሳመምኩበት፣ ለሁሉም እሺ ስላልኩበት። ለታምራትም የቱ እሑድ እንደሆነ ሳልጠይቅ እሺ እንዳልኩት ነገርኩት። ወንድሜን ገደልኩት ብዬ አሰብኩ። እንደ ጨረስኩ ጋሽ ዘለቀ ጋቢዬን ከመሬት አንሥቶ አራገፈና፣ በጣቱ ጠርዙን እያሸ፣ ሲናገር ቆየ። አርባ ዓመት ሙሉ ከሸማኔ ጋር ሠርቻለሁ አለ። ለቅዳሜ ይደርሳል የሚሉኝ ብዙ ናቸው፤ ሁሉም ደግ ሰዎች ናቸው፣ ማንንም ማስቀየም አይወዱም፤ ቅዳሜ ስሄድ ክሩ እንኳ አልተዘረጋም። ከመካከላቸው አንድ ሰው አለ፤ ሁልጊዜ አይደርስም ይለኛል። ልጄን ክርስትና ያነሣልኝ እሱ ነው።

«እምቢ ማለት የማያውቅ ሰው፣ እሺ ሲለኝ ምኑን ልያዘው?» አለኝ። ጋቢዬን ትከሻዬ ላይ መልሶ ጣለልኝና ስልኩን በአገጩ አመለከተኝ። ሰዎቹ እየጠበቁህ አይደለም ወይ፣ ምን ትላቸዋለህ አለኝ።

አልችልም ብዬ ጻፍኩ። ምክንያት ልጨምር ፈለግኩና፣ ማንንም ሳላሳምም፣ እውነቱን ጨመርኩ፤ የወንድሜ ሽማግሌ ሆኜ ሰው ቤት ነኝ አልኩ። ከዚያም ሁለት ቦታ ተጭኜ ቁልፉን ለፖስተኛው ሰጠሁት። ክንዴን ዘርግቼ ላክሁት። ጋሽ ዘለቀም እኔም ወደ ላይ አንጋጠን ጠበቅን። መልሱ ሲመጣ አብረን አነበብነው። ፖስተኛው እሺ፣ መልካም ዕድል አለ። ጋጋሪዋ እሺ አለች። ሾፌሩ እሺ፣ ቶሎ ክፈተው እንጂ ሽማግሌው፣ ብሎ ለፖስተኛው ጻፈለት። በቃ። ሰማይ አልተደፋም፤ ባሕሩም አልደረቀም። ስንት ቅዳሜ የተቃጠልኩበት ነገር በአንዲት እሺ አለቀ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ትንሽ ከፋኝ።

ስንገባ ጋሽ ተስፋዬ ንግግራቸውን ጨርሰው ቆመው ጠበቁን፤ እኔ የተዋረድኩትን ያህል እሳቸውም ተዋርደዋል። ጋሽ ዘለቀ ተቀመጠ። ሽማግሌ በመጀመሪያ ቀን መልስ እንደማያገኝ የታወቀ ነው፤ ሂዱና ተመለሱ ይባላል፤ ተመልሶም ሌላ ቀጠሮ ይሰጠዋል። እንዲህ ስትመላለስ ወራት ይሄዳል፤ ታምራት ደግሞ በየቀጠሮው አንድ አንድ ኪሎ ይቀንሳል። ጋሽ ዘለቀም እንደ ወጉ፣ የሚቀጥለውን ሳይሆን የዚያኛውን ቅዳሜ ተመለሱ አለን። ጋሽ ተስፋዬ ከበር ባለመባረራቸው እፎይ ብለው፣ እሺ፣ እግዜር ያክብርልን ብለው እጅ ነሡ። ጋሽ ማርቆስም እጅ ነሡ።

ያ ቅዳሜ ለአስቴር የማልኩላት ነው። ካምባ። ልቤ እሺ በል፣ እሺ በል ይለኛል፤ የልጅቷ አባት የሰጠውን ቀን ሽማግሌ ሲመልስ ተሰምቶም አይታወቅ። የወንድሜ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ግን ጋሽ ዘለቀ ሌላውን ትቶ እኔን እያየኝ ነበር።

«ጋሽ ዘለቀ፣ ያን ቀን አልችልም» አልኩ።

ጋሽ ተስፋዬ እጅ እንደነሡ ጎንበስ ብለው ቀሩ። ቀና ቢሉ ምን እንደሚያዩ ፈርተው ይመስለኛል። ለሚስቴ ቃል አለኝ አልኩ፤ ካምባ አራስ ልንጠይቅ፤ ቅዳሜን እየሰበርኩባት ልጁ ጥርስ አብቅሏል። ጋሽ ማርቆስ ለመጀመሪያ ጊዜ ከጣራው ላይ ዓይናቸውን አወረዱ፤ የወለደችውም የምታኮርፈኝም የእሳቸው ልጆች ናቸው። ጋሽ ዘለቀ እሳቱን በእንጨት ቆሰቆሰ። እኔም ታምራትን ምን ብዬ አየዋለሁ እያልኩ የሚቆሰቁስበትን እንጨት እመለከታለሁ።

«ታዲያ የቱ ቀን ይመችሃል?» አለኝ።

በሕይወቴ ስንት ሰው የቱ ቀን ይመችሃል ብዬ እንደጠየቅኩ እግዜር ይቁጠረው። እኔን የጠየቀኝ ሰው ግን አልነበረም። ካርታ የለኝ፣ ብርቱካን የለኝ። አንድ ቀን ብቻ በእጄ ላይ ነበረች፤ ማንም ያልተካፈለኝ።

«ዛሬ» አልኩ።

ጋሽ ተስፋዬ አሁን ቀና አሉ። ጋሽ ዘለቀ አልሳቀም፤ አልተቆጣምም። በቋንቋቸው ወደ ጓዳ አንድ ነገር ተናገረ። መጋረጃው ተገልጦ ሰላማዊት አንገቷን ደፍታ ገባችና እናቷ አጠገብ ቆመች። አባቷ እኔን በእጁ እያመለከተ፣ ይህ ሰውዬ ዛሬ ይላል፣ አንቺስ ምን ትያለሽ አላት። ልጅቷ የነጠላዋን ጫፍ ስትጠቀልል ቆይታ፣ ለሰው ሁሉ በሚሰማ ድምፅ መለሰች።

«እኔም ዛሬ ይመቸኛል።»

መጀመሪያ የሳቁት እናትየው ናቸው። ከዚያ ጋሽ ዘለቀ ሳቀ፤ ጋሽ ተስፋዬ ደግሞ ሳቃቸውና እንባቸው ተቀላቅሎባቸው ወንበር ፈለጉ። ቆጮው ዳጣ ከሚባለው የበርበሬ ማባያው ጋር ቀረበ። እኔ ግን አስቀድሜ ፌጦ ጠጥቼ ስለነበር እንደ ልቤ አልበላሁም፤ ለታምራት የምሥራቹን ልነግረው ስልኬን ይዤ ጉብታዋ ላይ ወጣሁ። አሁን ማንም ወዴት ነው አላለኝም። ታምራት ስነግረው ዝም አለ። ኔትዎርኩ የሄደ መስሎኝ ሄሎ፣ ሄሎ ስል፣ ለካ እያለቀሰ ነው። እኔም እዚያው እንሰት ውስጥ፣ እጄን እንደ ዘረጋሁ፣ አለቀስኩ።

ውድድሩን ፖስተኛው አሸነፈ። ጋጋሪዋ ሁለተኛ፣ ሾፌሩ ሦስተኛ ወጡ፤ «አዞ» መነሻው ላይ ሸራዋ እየተራገበ ቆማ ዋለች። በኋላ ስጠይቃቸው፣ እንዲህ ደስ የሚል ውድድር ኖሮን አያውቅም አሉኝ፤ አስተባባሪ ነበርኩና ዋጥኩት። ቁልፉም እዚያው ፖስተኛው ጋ ቀረ።

በቅዳሜው ካምባ ሄድን። አስቴር አራስ ልንጠይቅ መጣን ብላ ገንፎውን ስታወርድ እህቷ የቱን አራስ አለቻት። ልጁ እየተንገዳገደ በእግሩ መጥቶ ጉልበቴን ያዘኝ። አስቴር አየችኝ፤ እኔ መሬት አየሁ።

የታምራት ሠርግ ቀን ሊቆረጥ ሁለቱ ቤተሰቦች ሲሰበሰቡ፣ እኔ የጂኦግራፊ መምህሩ፣ ለአራት አገር ሰዓት ያወጣሁት ሰውዬ፣ አፌን ከፈት አደረግኩ። ጋሽ ዘለቀ ቀደመኝ። «መምህር፣ አንተ ብቻ የማይመችህን ንገረን» አለኝ።